የሐሙሱ የግድያ ክለብ፦ ስለ አራቱ አረጋውያን መርማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሪቻርድ ኦስማንን «ዘ ተርስደይ መርደር ክለብ» ለማንበብ ያሰቡ፣ ወይም ፊልሙን አይተው ወደ መጽሐፉ የመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ገዳዩን የሚያጋልጥ መልስ የለበትም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?

ኬንት ውስጥ፣ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኩፐርስ ቼዝ የሚባል የጡረተኞች መንደር አለ። መንደሩ የደራሲው ፈጠራ ነው። ቦታው ድሮ የመነኩሲቶች ገዳም ነበር፤ መካነ መቃብራቸው ዛሬም ኮረብታው ላይ አለ። ከነዋሪዎቹ አራቱ በየሳምንቱ ሐሙስ እየተሰበሰቡ ፖሊስ ሳይፈታቸው የቀሩ የቆዩ የግድያ መዝገቦችን ያገላብጣሉ። የሚሰበሰቡበትን ክፍል ያስያዙት «የጃፓን ኦፔራ ውይይት» ብለው ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ያየ ሰው በዚያ በር ድርሽ አይልም።

ከዚያ እውነተኛ ግድያ ይመጣል። መንደሩን የገነባው ቶኒ ከረን በገዛ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀጥቅጦ ሞቶ ይገኛል፤ ከአስከሬኑ አጠገብ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ተቀምጧል። የመንደሩ ባለቤት ኢያን ቬንተም ደግሞ የመነኩሲቶቹን መቃብር አስነሥቶ ተጨማሪ ቤቶች ሊሠራበት ተነሥቷል፤ ከረንንም ከሥራው ያባረረው በዚያው ሰሞን ነው። አራቱ ጡረተኞች ይህን ሲሰሙ አዝነው አይቀመጡም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላቸዋል።

አራቱ እነማን ናቸው?

ሁሉም ከሰባ ዓመት ያለፉ ናቸው። ኤልዛቤት ቤስት የቡድኑ ጭንቅላት ናት። ድሮ ምን ትሠራ እንደነበር በቀጥታ አትናገርም፤ የብሪታንያ የውጭ ስለላ ድርጅት ሰው እንደነበረች ከአፏ ሳይሆን ከምታውቃቸው ሰዎች ይገባችኋል። አንድ ስልክ ትደውላለች፣ ፖሊስ በሳምንት የማያገኘው ወረቀት እጇ ይገባል።

ኢብራሂም አሪፍ ትውልደ ግብፃዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። ጡረታ ቢወጣም የድሮ ሕሙማኑን መዝገብ ማገላበጥ አልተወም። ሮን ሪቺ «ቀዩ ሮን» የሚባል የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከአሠሪና ከፖሊስ ጋር ሲናቆር የኖረ ሰው ነውና፣ ማንም ባለሥልጣን የሚነግረውን ሳይጠራጠር አያልፍም። የዌስትሃም ደጋፊ ነው፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

የኔ ምርጫ ግን ጆይስ ሜዶክሮፍት ናት። ነርስ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ኬክ ትጋግራለች፣ ዕለት ማስታወሻ ትጽፋለች። ከታሪኩ ጥሩ ድርሻ የሚደርሰን በዚህ ማስታወሻ በኩል ነው። ወደ ክለቡ የገባችበትን መንገድ ተመልከቱ። ምሳ ላይ ነች። ቀኑ ሰኞ መሆኑን ያወቀችው የቀረበው ምግብ የተፈጨ ሥጋ በድንች ተሸፍኖ የተጋገረ ስለነበረ ነው፤ እሱ የሚቀርበው ሰኞ ሰኞ ነውና። ኤልዛቤት መጥታ ትጠይቃታለች፦ አንዲት ልጅ እንዲህ ባለ ቦታ በጩቤ ብትወጋ ደሟ ፈስሶ እስክትሞት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጆይስ አትደነግጥም፣ ሹካዋንም አትጥልም። የልጅቱን ክብደት ትጠይቃለች። ያን ገጽ አንብቦ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አምስተኛም አለች። ክለቡን ከኤልዛቤት ጋር የመሠረተችው ፔኒ ግሬይ የፖሊስ ኢንስፔክተር ነበረች። የቆዩት መዝገቦች የመጡት ከእሷ ነው፤ መውሰድ ግን አልተፈቀደላትም ነበር። አሁን ራሷን ስታ አልጋ ላይ ናት። ኤልዛቤት አጠገቧ ተቀምጣ የምርመራውን ውሎ ታወራላታለች። ትስማ አትስማ የሚያውቅ የለም።

ኮዚ ሚስትሪ የሚባለው ዘርፍ ከሌላው የወንጀል ልብ ወለድ በምን ይለያል?

ግድያ አለ፣ ደም ግን ብዙ አይታይም። ጭካኔው ከመጋረጃ ጀርባ ይፈጸማል፤ አንባቢው የሚከታተለው ፍንጩን እንጂ ሥቃዩን አይደለም። መርማሪው ባለሙያ አይደለም፤ ጡረተኛ፣ ባለ መጽሐፍ መደብር፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ቄስ ሊሆን ይችላል። ቦታው ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ትንሽ መንደር ነው፣ ስለዚህ ተጠርጣሪው ትናንት ሻይ ያቀረበላችሁ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ እንቆቅልሹ ይፈታል።

ኦስማን ይህን ሕግ በአብዛኛው ያከብራል። አንድ ቦታ ላይ ግን ይለያል፦ ዘርፉ በልማዱ ሞትን እንደ ጨዋታ ነው የሚይዘው፤ ኩፐርስ ቼዝ ውስጥ ግን ሞት ጎረቤት ነው። አምቡላንስ ሲመጣ የማን ተራ እንደሆነ ሁሉም በመስኮት ያያል።

ግን ለምን አረጋውያን? ወጣት መርማሪ አይሻልም?

አይሻልም። አሮጊትን ማንም ልብ ስለማይላት ነው ነገሩ የሚሠራው።

ኤልዛቤትና ጆይስ ፌርሄቨን ወደምትባለው ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳሉ። ኤልዛቤት ቦርሳዬን ተሰረቅሁ ትላለች፤ ከሴት ፖሊስ በቀር ለማንም ቃሌን አልሰጥም ብላ ድርቅ ትላለች። ግራ የተጋባች፣ የተደናገጠች አሮጊት። የጣቢያው ሰው ምን ያድርግ? ዶና ደ ፍሬታስን ይጠራል። የፈለጉትም እሷን ነበር። ዶና ከለንደን ተዛውራ የመጣች፣ ሻይ ከማፍላት ያላለፈ ሥራ ያልተሰጣት ወጣት ኮንስታብል ናት፤ ግድያውን በሚመረምረው ቡድን ውስጥ እንድትገባ አሮጊቶቹ መላ ይመቱላታል፣ እሷም በምላሹ ፖሊስ ምን እንዳገኘ ትነግራቸዋለች። ስጦታ አይደለም፣ ንግድ ነው።

ሐሳቡ የኦስማን ግኝት አይደለም። አሜሪካዊቷ አና ካትሪን ግሪን በ1897 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ አሚሊያ ባተርዎርዝ የምትባል፣ ጎረቤት ምን እንደሚሠራ በመጋረጃ የምታጮልቅ የኒው ዮርክ ወይዘሪት ነበረች። ከዚያ አጋታ ክሪስቲ መጣች። ሚስ ማርፕል መጀመሪያ የታየችው በ1927 በታተመ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ነው፤ እዚያም ጥቂት ሰዎች ማክሰኞ ማታ ተሰብስበው ያልተፈቱ ጉዳዮችን ይተርካሉ፣ ጥግ ይዛ ሹራብ የምትሠራዋ አሮጊት ግን ሁሉንም ትቀድማለች። የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለዷ በ1930 ተከተለ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ረጃጅም ልብ ወለዶች ወጥተውላታል። ዘዴዋ ቀላል ነው፦ ተጠርጣሪውን ስታይ ሴንት ሜሪ ሚድ የምትባለው መንደሯ ውስጥ የምታውቀው አንድ ሰው ትዝ ይላታል፤ የሰው ጠባይ የትም አንድ ነውና። በቴሌቪዥን ደግሞ ከ1984 እስከ 1996 የቆየው «መርደር፣ ሺ ሮት» አለ፤ አንጄላ ላንስበሪ ጡረታ የወጣች መምህርትና ደራሲ ሆና የተወነችበት።

እነዚህ አሮጊቶች ግን ያረጁ እንጂ የሚያረጁ አልነበሩም። ሚስ ማርፕል ለዐሥርት ዓመታት ያው ናት። የኦስማን ሰዎች ዓይናችን እያየ ይደክማሉ። ኤልዛቤት በየቀኑ ማስታወሻዋን ከፍታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ቀን ላይ ለራሷ አንድ ጥያቄ ትጽፋለች፤ በዚያው ቀን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት የጻፈችውን ትመልሳለች። የማስታወስ ችሎታዋን ለማንም ሳትናገር እየፈተነች ነው። ለምን እንደምትፈራ ለመረዳት ቤቷን ማየት ይበቃል፦ ባሏ ስቴቨን እየረሳ ነው። ቦግዳን የሚባል ፖላንዳዊ የግንባታ ሠራተኛ እየመጣ ቼዝ ይጫወትለታል። ስቴቨን ቼዙን አልረሳም። እኔ መጽሐፉን የማስታውሰው ለዚህ ነው፤ ቶኒ ከረንን የገደለው ማን እንደሆነ ረስቼ እንኳ ይህን አልረሳም።

ኩፐርስ ቼዝ የአረጋውያን መጦሪያ ነው?

አይደለም። ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ አሜሪካ ወይም እስራኤል ውስጥ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ናቸው፤ ልዩነቱም ለእነሱ ግልጽ ነው። መጦሪያ ሲባል ነርስ፣ የመድኃኒት ሰዓት፣ የሚቆለፍ በር አለ። ኩፐርስ ቼዝ ውስጥ ግን እያንዳንዱ በራሱ አፓርታማ ይኖራል፣ መኪና ይነዳል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ወይን ይጠጣል። ለመግባት ዕድሜ ከ65 በላይ መሆን አለበት። የሱፐርማርኬቱ መኪና ግቢው መግቢያ ላይ ያለውን የብረት ርብራብ ሲሻገር የወይኑ ጠርሙስና የመድኃኒቱ ብልቃጥ አብረው ይንኳኳሉ። ጆይስ መንደሯን የምታስተዋውቀን በዚህ ድምፅ ነው። ፔኒ የተኛችበት ዊሎውስ የሚባለው ሕንፃ ግን እውነተኛ መጦሪያ ነው፣ በዚያው ግቢ ውስጥ። የመንደሩ ሰው ስሙን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጣዩ መሄጃ የት እንደሆነ ያውቃልና።

እንዲህ ባለ ቦታ መኖር ገንዘብ ይጠይቃል። መጽሐፉ ይህን አልፎ አልፎ ይነካዋል እንጂ አይገባበትም። እነዚህን አፓርታማዎች የሚያጸዱት፣ ሕሙማኑን የሚያገላብጡት ሰዎች ከቦግዳን በቀር ድምፅ የላቸውም ማለት ይቻላል። ቅሬታዬ ነው።

ደራሲው ማን ነው?

በ1970 የተወለደ እንግሊዛዊ የቴሌቪዥን ሰው ነው። ቢቢሲ ላይ በሚተላለፈው «ፖይንትለስ» በተባለው የጥያቄና መልስ ዝግጅት ለዓመታት ታይቷል። በጣም ረጅም ነው፤ ሁለት ሜትር ገደማ። እናቱ በጡረተኞች መንደር ይኖሩ ነበርና ሊጠይቃቸው ሄዶ ሳለ ቦታው ለግድያ ታሪክ እንደሚመች ታየው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በመስከረም 2020 ወጣ፣ በኮቪድ መሃል። ሰው ቤቱ ተዘግቶ፣ ስለ አያቶቹ እየተጨነቀ በነበረበት ጊዜ አረጋውያን የማይበገሩበት ታሪክ መድረሱ ለሽያጩ ሳይረዳ አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

እንግሊዝኛው ይከብዳል?

አይከብድም። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ከመቶ በላይ ናቸው፤ አንዳንዱ ሁለት ገጽ አይሞላም። የጆይስ ማስታወሻ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ እንግሊዝኛውን ማሻሻል ለሚፈልግ ሰው ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ይሻላል። የሚያስቸግረው ቀልዱ ነው። እንግሊዛዊ ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም፤ ጆይስ ስለ ሬሳ ጀምራ ስለ ብስኩት ስትጨርስ እየቀለደች መሆኑን ያልጠረጠረ አንባቢ ሴትየዋን የዋህ አድርጎ ይወስዳታል። የዋህ አይደለችም። የሱፐርማርኬት፣ የቴሌቪዥን ዝግጅትና የሰፈር ስም ሲበዛባችሁ ዝለሉት፣ ፍንጭ አይጠፋችሁም።

ክለቡ የሚሠራው ነገር በእውነት ይሆናል? ፖሊስ ለተራ ሰው ፋይል ያሳያል?

አያሳይም፣ ማሳየትም የለበትም። ዋና ኢንስፔክተር ክሪስ ሃድሰን እነዚህን አሮጊቶች መጀመሪያ ከቢሮው ሊያርቃቸው ይሞክራል፤ በኋላ ኬካቸውን እየበላ ያዳምጣቸዋል። በእውነተኛ ፍርድ ቤት እንዲህ የተገኘ ማስረጃ ጠበቃ ፊት አይቆምም።

የክለቡ ወግ ራሱ ግን እውነት አለው። የተወሰነ ቀን፣ የተወሰነ ክፍል፣ የቀረ የሚጠየቅበት። ከኛ የጽዋ ማኅበር ብዙም አይርቅም፣ በጽዋው ፋንታ የሬሳ ፎቶ ይዞራል እንጂ።

ይልቅ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። ክለቡ ያወቀውን ሁሉ ለፖሊስ አይሰጥም። አንዳንዱን ይደብቃል፣ አንዳንዱን ራሱ ይዳኛል። ደራሲው ከእነሱ ጋር ይወግናል፤ እኔ ግን ሁለት ቦታ ላይ ኤልዛቤት ማን ሾማት ብያለሁ። እንቆቅልሹ ራሱ ደግሞ ከመጠን በላይ ተጠላልፏል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ በላይ ሬሳ፣ ከአንድ በላይ ገዳይ አለ፤ መጨረሻው ላይ ጥፋታቸውን የሚናዘዙት ይደራረባሉ። ፍንጭ ቆጥሮ ገዳዩን ቀድሞ መያዝ የሚወድ አንባቢ ክሪስቲ ዘንድ ይበልጥ ይረካል።

በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? ቅደም ተከተል ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ግድያዎቹ በየመጽሐፉ ያልቃሉ፣ የሰዎቹ ሕይወት ግን ይቀጥላል። ከ2020ው በኋላ «ዘ ማን ሁ ዳይድ ትዋይስ» በ2021፣ «ዘ ቡሌት ዛት ሚስድ» በ2022፣ «ዘ ላስት ዴቭል ቱ ዳይ» በ2023 ወጡ። በ2024 ደራሲው ወደ ሌሎች ገጸ ባሕርያት ዞሮ «ዊ ሶልቭ መርደርስ»ን ጻፈ፤ እሱ የክለቡ ተከታታይ አይደለም፣ ብዙ ሰው ተሳስቶ ይገዛዋል። አምስተኛው የክለቡ መጽሐፍ «ዚ ኢምፖሲብል ፎርቹን» በ2025 ታተመ። አራተኛውን አስቀድሞ ማንበብ ትልቁ ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳታነቡ የሚመታችሁ ቦታ አይመታችሁም።

ፊልሙን ካየሁም መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋችኋል። ኔትፍሊክስ ላይ በነሐሴ 2025 የወጣው ፊልም በክሪስ ኮለምበስ የተዘጋጀ ነው። ሄለን ሚረን ኤልዛቤትን፣ ፒርስ ብሮስናን ሮንን፣ ቤን ኪንግስሊ ኢብራሂምን፣ ሲሊያ ኢምሪ ጆይስን ይጫወታሉ፤ የጆይስን ልጅ የምትጫወተው ኢንግሪድ ኦሊቨር የደራሲው ባለቤት ናት። ትወናው ያምራል። ነገር ግን ኩፐርስ ቼዝ ቤተ መንግሥት ሆኗል፣ የጆይስ ማስታወሻ ቀርቷል፤ ማስታወሻው ሲቀር የመጽሐፉ ሳቅ ግማሹ አብሮ ሄዷል። የአንዱ ጉዳይ መጨረሻም ተቀይሯል። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ መጽሐፉ ላይ ያለው የበለጠ ደፋር ነው። ብሮስናን ግን ሮን አይመስለኝም፣ ለሠራተኛ ማኅበር መሪ በጣም ቆንጆ ነው።

አባቴ የመርሳት በሽታ አለባቸው። መጽሐፉን ብሰጣቸው ወይም እኔ ባነበው ይሻላል?

እናንተ አንብቡት፣ ግን ተዘጋጁ። ስቴቨን እንደ ማስፈራሪያ ወይም እንደ ማልቀሻ አልተሳለም፤ አሁንም የሚቀልድ፣ የሚያፈቅር፣ አንዳንዴም ከሁሉም ቀድሞ ነገሩ የሚገባው ሰው ነው። ኤልዛቤት ሁኔታውን ከጓደኞቿ የምትደብቅበት፣ እንግዳ የምትመልስበት ዘዴ ቤተሰብ ያስታመመ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አራተኛው መጽሐፍ ግን ከባድ ነው፤ ስለ ሕይወት ፍጻሜ የሚወሰን ውሳኔ ያነሣል። በሃይማኖትም በሐዘንም ምክንያት ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ለአባትዎ ከሆነ የመጀመሪያውን ብቻ፣ እየተነበበላቸው። ሮን ስድብ ያበዛል፣ አንባቢው ሊዘለው ይችላል።

በድምፅ የተቀረጸ አለው?

አለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተዋናይት ሌስሊ ማንቪል አንብባቸዋለች፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ፊዮና ሾው ቀጥላለች። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ተስማሚ ነው፣ ምዕራፉ አጭር ስለሆነ ተሳፋሪ ሲገባ ለማቆም ይመቻል። ከሁለቱ የማንቪልን ጆይስ እመርጣለሁ። ስለ ሬሳውም ስለ ብስኩቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምታወራው።